አባትሽ 2.9፣ አንቺ 4.2

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከምትሠራ ነርስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ የሚኖሩት ዘጌ ነው። በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ ሳይቀር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከገዛ ወንድሜ ጋር ግን በቡና መሬት ተኳርፈው ይኸው 6 ዓመት ሆናቸው። የእግዜር ሰላምታ እንኳ የለም። ባለፈው ለበዓል ስሄድ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የጥበብ መለኪያ መጠይቅ እየተረጎምኩ ጠየቅኳቸው። የሚሞላው ከ1 እስከ 5 ነው። አብዛኛውን ‹እንደ ነገሩ ነው› እያሉ መለሱልኝ። እኔም 3 እያደረግኩ ሞላሁ። አማካዩ 2.9 መጣ። የራሴን ስሞላ 4.2 ሆነ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጥበብ በእርግጥ ይለካል? ትርጉምስ አለው? አባቴስ ጥበበኛ ናቸው ወይስ አይደሉም?»

እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ወደሱ እስክንደርስ ትንሽ ታገሺኝ።

የእኔ እንጀራ መጠይቅ ነው። የስነ ልቦና መለኪያዎችን እተረጉማለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ አንዳንዴም ጥያቸው እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ስለዚህ «ጥበብማ አይለካም» ብዬ በአንድ ቃል መገላገል አልችልም። «ይለካል፣ ውጤቱም 2.9 ነው» ብዬ አባትሽን ላማም አልፈልግም።

መጀመሪያ ያቺን «እንደ ነገሩ ነው» ልያዛት። መጠይቅሽ ላይ «አንድን ጉዳይ ከብዙ አቅጣጫ አያለሁ» የሚል ዓይነት ነገር ይኖራል። አባትሽ ምን ይበሉ? የሰው ሙግት ከሆነ አዎ። የራሳቸው ከሆነ መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። «ስቆጣ ራሴን እቆጣጠራለሁ» ቢባሉስ? ማን ነው ያስቆጣቸው? እንደ ነገሩ ነው ማለት እኮ «የትኛውን ጉዳይ ነው የምትጠይቂኝ?» ማለት ነው። ወረቀቱ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ አላዘጋጀም። አንቺም ቸገረሽና መሀል ላይ ጣልሽው። በመጠይቅ ቋንቋ ግን 3 ማለት «መካከለኛ ነኝ» ማለት ነው። አባትሽ መካከለኛ ነኝ አላሉም። የወጣላቸው ቁጥር እሳቸውን ሳይሆን የወረቀቱን ጥበት ነው የሚያሳየው።

አንቺ ነርስ ስለሆንሽ በሥራሽ ልንገርሽ። የደም ግፊት ስትለኪ በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። አሥር ጊዜ ብትደግሚው አሥር ጊዜ ከፍ ይላል። ወጥነት አለው፤ እውነት ግን አይደለም። በእኛም ሙያ ስለ አንድ መለኪያ የምንጠይቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው። ደጋግመው ቢለኩበት ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ወይ? ለካሁ የሚለውን ነገርስ ነው ወይ የለካው? የመጀመሪያው አያስቸግርም። እኛን የሚያስጨንቀን ሁለተኛው ነው።

በጥበብ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። መጠይቁ ስለ አንቺ የሚጠይቀው ራስሽን ነው። ጥበብ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የራስን ልክ ማወቅ ነው። እንግዲህ ልኩን የሚያውቅ ሰው ያመነታና 3 ይላል። የማያውቀው 5 ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ቁጥሩ ተገልብጦ ቁጭ። ሶቅራጥስ ይህን መጠይቅ ቢሞላ ስንት ያገኝ ነበር? በደልፊ የነበረው ጠንቋይ ቤት ከሱ የሚበልጥ ጠቢብ የለም ብሎ ለወዳጁ ሲነግረው ግራ ገባው። ፖለቲከኛውን፣ ገጣሚውን፣ የእጅ ባለሙያውን እየዞረ ጠየቀ። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር እነሱ የማያውቁትን እናውቃለን ይላሉ፣ እኔ ግን የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም የሚል ነው። ከ5 ውስጥ 2 ቢያገኝ ነው።

(አንቺን እየነካሁ አይደለም። ስለ 4.2ሽ ኋላ እመለስበታለሁ።)

መጠይቆቹን የሠሩት ሰዎች ይህን አላዩም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዋ ሞኒካ አርደልት እ.ኤ.አ. በ2003 ባለ 39 ጥያቄ መለኪያ አውጥታለች። ጥበብን በሦስት ትከፍለዋለች። ነገርን ለመረዳት መፈለግ አንዱ ነው። ራስን መለስ ብሎ ማየት ሁለተኛው ነው። ለሰው መራራት ሦስተኛው ነው። ብዙዎቹን ጥያቄዎች ገልብጣ ነው የጻፈቻቸው፣ ሰው ራሱን እንዳያሞግስባቸው። በ2017 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ በሳንዲያጎ ከተማ፣ የአእምሮ ሐኪሙ የእነ ዲሊፕ ጄስቴ ባለ 24 ጥያቄ መለኪያ ወጣ። እሱ በስድስት ይከፍለዋል። ከስድስቱ አንዱ ሳያመነቱ መወሰን መቻል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሳያመነቱ መወሰን ጥበብ ነው? ለሐኪም ምናልባት። አባትሽ ግን በደም ጉዳይ ሲቀመጡ ቶሎ ወስነው ያውቃሉ? ሽማግሌ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቀጠሮ መስጠት ነው። «ይደር» ይላል። ነገሩ ይደር፣ ሰዎቹም ይደሩበት። አንዱ ተመራማሪ ለጥበብ የቆጠረውን ነገር ሌላው ችኮላ ሊለው ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ያደገ ሕዝብ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚሞላው መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ከመለኪያው በፊት ትርጉሙ ይቀድማል። ትርጉሙ ደግሞ እኛም ጋ ቢሆን አንድ አይደለም። ገበያ ወጥተሽ «ጥበብ አለ?» ብትይ ቀሚስ ያወጡልሻል። ጥልፍና ሥዕል ጥበብ ነው፣ ቅኔም ጥበብ ነው። «አዋቂ» ማለት ዐዋቂ ሰው ነው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ደግሞ ጠንቋይ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ «ጠይብ» ነው። ቃሉ የመጣው ከጠቢብ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን ሰው በስሙ ጠቢብ አልነው፣ ከዚያ ቡዳ ነው ብለን ሸሸነው። ማረሻውንና ድስቱን ግን አልሸሸንም። ግሪኮችም ጥበብ የሚሉትን ቃል ለተዋጣለት ቅርጽ ቀራጭ ይሰጡት እንደነበር አሪስቶትል ጽፏል። በሁለቱም አገር ቃሉ በእጅ ሥራና በአእምሮ መሀል ይመላለሳል ማለት ነው።

ስለ ሰው ስንናገር ግን ቋንቋችን ጠንቃቃ ነው። ብልጥ አለ፣ ብልህ አለ፣ ሊቅ አለ፣ አስተዋይ አለ፣ ልባም አለ። ብልጥ ለራሱ ነው። ብልህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሊቅ ተምሯል። አስተዋይ ያያል፣ ቆም ብሎ። ልባም ደግሞ ልብ አለው፤ ልብ ስንል የምናስብበትም የምንራራበትም ቦታ ነው። አለቃ ገብረ ሃና የጣና ዳር ሰው ናቸው፣ ከፎገራ ናባጋ። ዛሬም ድረስ ያስቁናል። ሊቅ ነበሩ፤ ቀልዳቸው ውስጥ ያሉት አለቃ ግን ብዙ ጊዜ ብልጥ ናቸው። ጨዋታቸውን ስንሰማ «ምን ዓይነት ብልጥ!» እንላለን እንጂ ጠባችንን ይዘን ልንሄድባቸው የምንፈልግ አይመስለኝም። አባትሽ ጋ የሚመጣው ሰው ልባም ፈልጎ ነው የሚመጣው። አንቺ ያወረድሽው መጠይቅ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ነው የመጣው።

አሁን መለካቱን ከልብ ወደሞከሩት ልውሰድሽ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በርሊን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም ፖል ባልተስ የሚባል ጀርመናዊና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ሰውን «አንተ ጥበበኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም አሉ። በምትኩ አንድ የሕይወት ችግር ይነግሩታል። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያሰበ ይመልሳል። የሚናገረው ይቀረጻል። ከዚያ የሠለጠኑ ሰዎች መልሱን እየሰሙ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጡታል። የሚያዩት አምስት ነገር ነው። ስለ ሰውና ስለ ኑሮ ሰፊ ዕውቀት አለው ወይ? እንዴት ተብሎ እንደሚኬድበት ያውቃል ወይ? ጉዳዩን ከዕድሜና ከዘመን ጋር አያይዞ ያየዋል ወይ? ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እንደማይወድና እንደማይከተል ይቀበላል ወይ? ነገ እንደማይታወቅ አምኖ ለዚያም መላ ያበጃል ወይ?

ይህ ከመጠይቁ በብዙ ይሻላል። ሰውየው ስለ ራሱ የሚያስበውን ትቶ የሚያስብበትን መንገድ ያያልና። ውጤቱም ትሕትና የሚያስተምር ነበር። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ጥቂት ሰው ነው። ከ20 እስከ 75 ዓመት ባለው ዕድሜ መሀልም ነጥቡ ይህን ያህል አልጨመረም። ሽበት ብቻውን ምንም አላስገኘም። ደህና ካመጡት መሀል ደግሞ የስነ ልቦና ሐኪሞች ነበሩ። ፈተናውን ያወጡትም የስነ ልቦና ሰዎች ናቸው። (እዚህ ላይ እኔም ትንሽ ሳቅ ብዬ ነው የማልፈው።) ለፍትሕ ያህል፣ ሰው «ጥበበኛ ናቸው» ብሎ የጠቆማቸውን ሌሎች ሰዎችም ፈትነዋል። ከሐኪሞቹ አላነሱም።

ከባልተስ ጥያቄዎች አንዱን ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኛን ይነካል። «አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አሁኑኑ ማግባት ትፈልጋለች። ምን ማሰብ ያስፈልጋል?» ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው መልስ «አይሆንም፣ በ15 ዓመት ማግባት ፈጽሞ ስሕተት ነው» የሚለው ነው። ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኘው ደግሞ «ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ ግን ልዩ ሁኔታ ሊኖር ይችላል» ብሎ የሚጀምር ነው። ልጅቷ በማይድን በሽታ ታማ ይሆን? ወላጆቿን አጥታ ይሆን? ወይም በሌላ ባህል፣ በሌላ ዘመን የምትኖር ልጅ ትሆን?

ሌላ ባህል የተባልነው እኮ እኛ ነን። በርሊን ላይ ልዩ ሁኔታ የሆነው ነገር ጎጃም ውስጥ የጎረቤት ወሬ ነው። የአገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ያም ሆኖ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አልጠፋም። አንቺ ባሕር ዳር ነው የምትሠሪው። ከተማችን ውስጥ ለፊስቱላ ታካሚዎች የተሠራ ማዕከል አለ። በልጅነቷ ተድራ፣ በልጅነቷ አርግዛ፣ ምጥ ላይ ቀናት ያሳለፈች ሴት ምን እንደምትሆን እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። እና አንቺ «አይሆንም» ብትዪ፣ ያ «አይሆንም» ግትርነት ነው ወይስ ብዙ አይቶ የደረሱበት ነገር? ነጥብ ሰጪው ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን አያይም። የሰማውን አጭር መልስ 1 ብሎ ያልፋል። የባልተስ ቡድን ለዚህ መልስ ይኖረዋል፤ «ምክንያትሽን ዘርዝሪ፣ ነጥቡ ይመጣል» ይላሉ። ልክ ነው። ግን ያኔ የምንለካው ጥበብን ነው ወይስ አፍን? ብዙ ጥሩ ሽማግሌ በስብሰባ መሀል ሁለት ቃል ተናግሮ ነው የሚነሳው።

አሪስቶትል ላይ አንድ የምወድለት ነገር አለ። ወጣት ጎበዝ የሒሳብ ሰው ሊሆን ይችላል ይላል፤ በኑሮ ጉዳይ ግን አስተዋይ ወጣት አይገኝም። ምክንያቱም ማስተዋል ስለ ነጠላ ነገሮች ነው፣ ስለዚህ ሰው፣ ስለዚህ መሬት፣ ስለዚህ ቀን። ነጠላ ነገር ደግሞ በመኖር እንጂ በመማር አይገኝም። አባትሽ «እንደ ነገሩ» ሲሉሽ ይህንኑ ነው የነገሩሽ።

አሁን ወደሚያምሽ ቦታ እንሂድ። የሰውን ነገር የሚፈቱ አባት የገዛ ልጃቸውን ነገር ለምን አልፈቱም?

የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኢጎር ግሮስማንና አሜሪካዊው ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። የፍቅር ጓደኛ ወይም ትዳር ያላቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን «አጋርህ በአንተ ላይ ቢወሰልት» ብለው አሳሰቡት። ሌላውን «የጓደኛህ አጋር ቢወሰልትበት» አሉት። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ምን ያህል በማስተዋል እንደሚያስቡ አዩ። የማያውቁት ነገር እንዳለ ያስባሉ ወይ? የሌላውን ወገን ዓይን ይሞክራሉ ወይ? መታረቂያ ይፈልጋሉ ወይ? ስለ ጓደኛቸው ያሰቡት በግልጽ በለጡ። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ከ60 እስከ 80 ዓመት ያሉት ሰዎች በዚህ ነገር ከ20 እስከ 40 ካሉት አልተሻሉም። ለራስ ሲሆን የሚመጣው ዕውርነት በዕድሜ አልለቀቀም። የለቀቀው በሌላ ነገር ነው። የራሳቸውን ጉዳይ ልክ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ «እሱ» ወይም «እሷ» እያሉ ሲያስቡት ልዩነቱ ጠፋ።

ስሙን የሰሎሞን እንቆቅልሽ አሉት። ለምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲካሰሱ ሰይፍ አስመጥቶ እውነተኛዋን እናት የለየው ንጉሥ፣ በገዛ ቤቱ 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች ሰብስቦ ልቡን አስወሰደ። የእኛው ክብረ ነገሥት ላይማ ከዚያም ቀደም ይላል። ጥበቡን ሰምታ የመጣችውን ማክዳን ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ በውሃ ጥም አጠመዳት። በባህላዊው ሥዕል ላይ በየሳጥኑ ተሥሎ ታገኚዋለሽ። ሰውየው ዙፋን ላይ ልባም ነው፣ ጓዳ ሲገባ ብልጥ።

እኛ ለዚህ ነገር ጥናት ሳይመጣ በፊት ተረት ነበረን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ስንስቅባት ኖረናል እንጂ ሴትዮዋ እኮ የሰውን ወጥ በደንብ ነው የምታማስለው። ተረቱ የሰውን ወጥ አበላሸች አይልም።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከጎረቤቴ ጋር በውሃ ተጣላሁ። የእሱ ጣራ ክዳን ወደ እኔ ግቢ ያዘነበለ ነው፣ አሸንዳ የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ግድግዳዬን ይበላል። ሁለት ክረምት ጮህኩ። ሦስተኛው ላይ ክስ ልመሠርት ስል የሰፈር ሰው ገባበት፣ ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ወረቀት ይዤ መጣሁ። ፎቶ አለኝ፣ የጥገና ሒሳብ አለኝ። ሰው ስለ ጉዳዩ እንዴት እንደሚያስብ ሳስተምር የምውል ሰው ነኝ እንግዲህ። አንደኛው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ወረቀቴን አላዩትም። «የአንተን ሰማን። አሁን የእሱን አንተ ንገረን» አሉኝ። የእሱን? «አዎ፣ እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር?» አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ሁለት ዓመት ስለ ሰውየው ሳስብ ከርሜ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀጠሮ ሰጡ። የሰጡት ቀን አልነበረም። «ዝናብ ሲጥል እንመጣለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ደህና አድርጎ ሲወርድ፣ ኮፍያቸው ላይ ፌስታል ደፍተው መጡ። መጀመሪያ የእኔ ግቢ ቆሙ። ውሃውን አዩት። ከዚያ አጥሩን ዞረው የእሱ ግቢ ቆሙ። እዚያ ሲጠሩኝ ሄድኩ። የእኔ ግቢ ውሃ በሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ በአጥሩ ሥር ወደ እሱ ማድ ቤት ይገባል። ሲሚንቶውን ያስደረግኩት እኔ ነኝ፣ ግድግዳዬን ላድን ብዬ። የእሱ ሚስት እሳት ማንደጃዋን በጡብ ከፍ አድርጋ ነው የምትጋግረው። ይህን እስከዚያ ቀን አላየሁም። ማንም ምንም አልተናገረም፣ ዝናቡም ጮክ ብሎ ነበር። አሸንዳውን ግማሽ ግማሽ ከፍለን አሠራነው። የሲሚንቶውን ቦይ እኔ አስጠረብኩ።

አሁን ሹፌሩን ስንት ልስጣቸው? ከ7 ውስጥ 7? እሳቸው ያደረጉት እኮ ዝናብ መጠበቅና በሁለቱም ግቢ መቆም ነው። ቤታቸው በዚያ ሰፈር ጥግ ላይ ነው፣ ውሃው አይነካቸውም። የማስታረቁን ሥራ ግማሹን የሠራው ይህ ነው።

ሽምግልና የሚባለውን ነገር እስቲ በዚህ ዓይን እዪው። ሽማግሌ ስንል ዕድሜ የገፋ ሰው ማለታችን ነው፣ አስታራቂም ማለታችን ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ሆነዋል፤ በተግባር ግን ዕድሜ ስለገፋ ብቻ የሚቀመጥ የለም። ተጠርቶ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ወገን የራሱን ይመርጣል፣ ሌላውም የራሱን ይመርጣል፣ መሀል የሚሆን ይጨመራል። «ይሄ ዘመዱ ነው» ተብሎ ሰው ይነሳል። በራሱ ጉዳይ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ ደግሞ ከቶ የለም። ሰሎሞን ብቻውን ያልቻለውን ነገር ወንበሩ እንዲችልለት ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥበቡ ያለው ሰውየው ውስጥ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ውስጥ ነው። መጠይቅሽ አባትሽን ከወንበራቸው አንስቶ፣ ለብቻቸው ምድጃ ዳር አስቀምጦ ነው የለካቸው።

የቅርቡም ምርምር ወደዚህ እየመጣ ነው። ግሮስማንና ባልደረቦቹ ሰዎች በየቀኑ የገጠማቸውን ችግርና እንዴት እንዳሰቡበት እንዲመዘግቡ አድርገዋል። አንድ ሰው ከራሱ ጋር እንኳ ሲወዳደር ከቀን ቀን፣ ከጉዳይ ጉዳይ በጣም ይለያያል። ማክሰኞ አስተዋይ የነበረ ሐሙስ ላይ ጅል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በካናዳዋ ቶሮንቶ የዘርፉ ተመራማሪዎች ተሰብስበው የጋራ ትርጉም ፈልገዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ታትሟል። የተስማሙበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሰውየው የሚፈልገው ነገር መልካም መሆን አለበት፣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም። ሁለተኛው፣ የራሱን አስተሳሰብ ወጣ ብሎ ማየት መቻል አለበት። የመጀመሪያው ብልጥን ያስወጣልናል። ሁለተኛው ግትርን ያስወጣል፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ትርጉም አለው፣ ሻካራ ቢሆንም። የሚለካው ግን አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ ቀን ያሰበበት መንገድ ነው። ያም ቢሆን ነጥብ ሰጪው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብሽ። ከዚያ አልፎ «እገሌ ይህን ያህል ጥበብ አለው» ብሎ እንደ ጤፍ በኪሎ መስፈር ለእኔ አያስኬድም። በተለይ ለሥራ ቅጥር ወይም ለሹመት እንዲህ ያለ መጠይቅ ሲጠቀሙ ካየሽ ተጠንቀቂ። የሚያልፈው 5 መጻፍ የማያሳፍረው ሰው ነው።

አባትሽ ጥበበኛ ናቸው ወይ? በሰው ነገር አዎ፤ ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን 30 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቶ ደጃቸው የሚቀመጠው ሰው ነው። በወንድምሽ ነገር አይደሉም። ሁለቱ አይጋጩም። ዘጌ ላይ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ቡናው እርሻቸውም ውርሳቸውም ስማቸውም ነው። ከዚያ በላይ ለአንድ ሰው የራሱ የሆነ ነገር የለም። ስለዚህ ዓይናቸው የጠፋበት ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እየተባለ ባደጉበት አገር።

ምን ታደርጊ? ነቢዩ ናታን ለዳዊት ያደረገውን ማድረግ ይቻላል። አንድ ሀብታም የአንድ ድሃን ብቸኛ በግ ወሰደበት ብሎ ነገረው። ዳዊት በሰውየው ላይ ተቆጥቶ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። አንቺም «አባባ፣ ቁንዝላ አንድ ሰውዬ ከልጁ ጋር በቡና…» ብለሽ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ችግሩ አባትሽ ናታንን ከአንቺ በፊት ሰምተውታል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያውቁብሻል።

እኔ ብሆን ሽማግሌ እልክባቸው ነበር። ለሽማግሌም ሽማግሌ ይላካል። በ6 ዓመት ውስጥ ማንም ያልሞከረው «እሳቸውን ማን ይመክራል» ተብሎ እንደሆነ እገምታለሁ። ሰው ስትመርጪ መሬቱ ከአባትሽም ከወንድምሽም የማይዋሰን ይሁን። ቢቻል እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ ያስታረቁት ሰው ይኑርበት፤ እምቢ ለማለት ያፍራሉ። አንቺ አትቀመጪ። ቡና አፍዪና ጓዳ ሁኚ።

ያንን 4.2 ደግሞ አትጣዪው። ያንኑ መጠይቅ ለወንድምሽ ስጪውና ስለ አንቺ እሱ ይሙላው።